የፎንቆው የመስከረም ጉንፋን

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት ባልደረቦቼ ያለበሱኝ ጋቢ እንከን የለውም፤ ጥለቱ ልከኛ፣ ድርና ማጉ የተስማማ ነው። የተነበበልኝ የምስጋና ጽሑፍ ግን ስሕተት ነበረበት። «በፎንቆ ተነሥቶ የነበረውን የጉንፋን ወረርሽኝ በአጭር ጊዜ ያጠፉ» ይላል። በመጀመሪያ ነገር ጉንፋን አይጠፋም፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ እኛ ማድረግ የምንችለው መንገዱን አውቀን ማዘግየት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ያዘገየሁት እኔ አይደለሁም። አዳራሹ እያጨበጨበ ስለነበረ፣ ጭብጨባን አቋርጦ ማረምም ነውር ስለሆነ ዝም አልሁ። ከኋላ ወንበር ግን አንዲት አሮጊት ከት ብለው ሲስቁ ሰማሁ። ማን እንደሆኑ ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ባለቤቴ ጣቴ ጉልበቴን ሲደበድብ አይታ፣ «ተወው፤ ቤት ስትገባ ጻፈው» አለችኝ። እነሆ ጻፍሁት።

ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ በገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ ስለዚህ አማርኛን ከደንበኛ፣ ሀዲይሳን ከጎረቤት ልጆች፣ ጉራጊኛን ከእናቴ ቁጣ ተማርሁ። ከዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና ተመርቄ ስወጣ መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነበር፤ የመጀመሪያ ምደባዬም ዱራሜ ሆነ። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃ ነበር፤ የምደባው ደብዳቤ ከእኔ ዘግይቶ ደረሰ፤ ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በዱራሜ ያገኘሁት ሀብት ሲስተር ኑሪያ ናቸው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። የሀዲያ ተወላጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ሚስት፣ አምስት ወቅት ሰላት ሳያጓድሉ አንድም በሽተኛ ያላስጠበቁ ሴት ነበሩ። ዲግሪዬን እንደ አዲስ ጫማ እያንቋቋሁ ስገባ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሊቅ መጣልን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሊቁ ሆኖ ቀረ።

ሦስት ልማድ ነበራቸው፤ ሦስቱንም ከመጻሕፍት አላገኘኋቸውም። አንደኛው፣ «ብዙ» የሚባለውን ቃል አይቀበሉም። አንድ ሽማግሌ ገብተው «በእኛ ቀበሌ ብዙ ሰው ታሟል» ሲሏቸው፣ «ብዙ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ስማቸውን ይንገሩኝ» ይሏቸዋል። ሽማግሌው በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ። አንዳንድ ጊዜ ብዙው ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ጣት ያልቅና ሲስተር ከወንበራቸው ይነሣሉ።

ሁለተኛው፣ ኪሳቸው ከገብስ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም። የሚያስል ሕፃን ሲመጣ ማዳመጫውን ከማንሣታቸው በፊት ቆሎ ያቀብሉታል። እየቆረጠመ የሚያያቸውን ልጅ «ይህስ ይቆይ» ይላሉ፤ ቆሎውን በእጁ ይዞ አፉን ከፍቶ የሚተነፍሰውን ግን ወዲያው ያስገቡታል። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው መቆርጠምና መተንፈስ አብሮ አይሆንለትም» ይሉኝ ነበር።

ሦስተኛው፣ ከፊት በፊት እጅ ያያሉ። «ፊት ነርስ ሲያይ ይለወጣል፤ እጅ ግን የትናንቱን ሥራ እንደያዘ ይመጣል» ይላሉ። በሽተኛውን «ምን ሆንህ?» ሳይሉ እጁን ይዘው ያገላብጡታል። ሸክላ ሠሪውን ከጭቃው፣ አጫጁን ከጭረቱ፣ ነጋዴውን ከቅቤው ይለዩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄያቸው የሚጀምረው።

ከዱራሜ ወደ አንጋጫ ተዛወርሁ። እዚያ የነበሩት አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ያልታረመ ሪፖርት ሥራ የማይመስላቸው ሰው ስለነበሩ፣ በየገጹ አንድ አንድ ስሕተት ሆን ብዬ እተውላቸው ነበር፤ ተስማምተን ኖርን። ከዓመታት በኋላ ወደ ሆሳዕና ተመለስሁ፤ በዞኑ ጤና መምሪያም የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ሆንሁ። ሲስተር ኑሪያ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው፣ ልጃቸው በመናኸሪያው በር ላይ በከፈተችው ሻይ ቤት መዋል ጀምረው ነበር።

ቅኝት ማለት፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ መጠበቅ ነው። በየሳምንቱ ከየወረዳው ስንት ሰው በምን እንደታመመ ይደርስሃል፤ ያንን ካለፉት ዓመታት ከዚያው ሳምንት ጋር ታስተያያለህ። ጉንፋንን ከወሰድን፣ ክረምቱ ሲገባ ሳልና ትኩሳት ይወጣል፤ ሐምሌ ላይ ይከምራል፤ ጳጉሜን ሲደርስ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በግድግዳዬ ላይ የምስለው መስመር ልክ እንደ አንድ ጉብታ ነው። ጉብታው ሲያበቃ ሁላችንም ዓመቱን ዘግተን መስቀልን እንጠብቃለን።

ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ በአንዱ ጳጉሜን፣ ያ ጉብታ ወርዶ ካበቃ በኋላ ጅራቱ ቀና አለ። የፎንቆ ቁጥር ነበር። መጀመሪያ ቁጥሩን አላመንሁትም፤ አለማመን የሥራው ግማሽ ነው። በፎንቆ ዙሪያ አዲስ ጤና ኬላ ተከፍቶ፣ ትጉህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተመድባ፣ ድሮ የማይመዘገበው ሳል ሁሉ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። አጣራሁ፤ አዲስ ኬላ የለም። የተቅማጡም የወባውም ቁጥር በነበረበት ነው፤ የተነሣው ሳሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ተነሥቼ ወደ ፎንቆ ሄድሁ።

በሲስተር ኑሪያ ደንብ «ብዙ» የሚለውን ትቼ ስም በስም ቤት ለቤት ዞርሁ። ከታመሙት አብዛኞቹ ባለትዳር ሴቶች ነበሩ። በየደጁ የሚቀበለኝ ግን አባወራው ነው፤ ሥርዓቱም ይኸው ነው።

«ባለቤትዎ ከመታመማቸው በፊት በነበሩት ቀኖች የት የት ሄደው ነበር?»

«የትም አልሄደችም፤ ቤቷ ነች።»

በሁለተኛውም ቤት «ከቤቷ ወጥታ አታውቅም»፤ በሦስተኛውም «ክረምት አይደል? ወዴት ትሄዳለች?» አሉኝ። ሁሉም እውነታቸውን ነበር። እርስዎስ ስላቸው ግን ገበያ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆሳዕና መናኸሪያ እያሉ ይዘረዝራሉ። ስለዚህ በመምሪያው ስብሰባ የተደረሰበት ድምዳሜ ለሁሉም የተመቸ ነበር፤ ባሎች ከመኪና ያመጣሉ፣ ሚስቶች ቤት ተቀምጠው ይታመማሉ። ከባሎቹ አብዛኞቹ ሳል አልነበራቸውም። ይህን ተናገርሁ፤ ሆኖም ሌላ የማቀርበው ነገር ስላልነበረኝ ንግግሬ ሚዛን አልደፋም።

ከጥቂቶቹ የሚያስሉ ባሎች አንዱ ሸምሱ ነበር፤ የሆሳዕና–ፎንቆ መስመር ሚኒባስ ሹፌር። ሸምሱ ሲያስል መናኸሪያው በሙሉ ይሰማል። ጥርጣሬው ሁሉ በእርሱ መኪና ላይ ዐረፈ።

ከክርክሩ የሚያወጣን ናሙና ብቻ ነበር። በሽታው የታወቀው የክረምት ኢንፍሉዌንዛ ይሁን ወይስ ሌላ ክፉ ነገር፣ ላቦራቶሪው ይነግረናል። ናሙና መውሰድ እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን ዘንግ በአፍንጫ አስገብተህ እስከ ጉሮሮው ጀርባ ታደርሰዋለህ፤ የበሽተኛው ዓይን እንባ ካላቀረረ ዘንጉ ቦታው አልደረሰም ማለት ነው። ከዚያ በፈሳሹ ብልቃጥ ትከተዋለህ፣ በበረዶ በታጀበ ሳጥን ታሽገዋለህ፣ ቅዝቃዜው እንዳይለቅ እንደ አራስ ትጠብቀዋለህ። የፎንቆ እናቶች እያነጠሱና እያነቡ፣ «ይህን ሁሉ አፍንጫችን ውስጥ ምን ጥለህ ነው የምትፈልገው?» እያሉ ሰጡኝ። ሳጥኑን ራሴ በአዲስ አበባው አውቶቡስ አሳፈርሁ፤ ለረዳቱም በጥላ ከእግሩ ሥር እንዲያኖረው አስጠነቀቅሁት።

ረዳቱ አደራ ተቀባይ ሰው ነበር። ጉዞ ሲጀመር አንድ ተሳፋሪ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ እርሱም ሳይዋሽ «የበሽታ ናሙና ነው» አለ። ወዲያው አውቶቡሱ ታወከ። «በሽታ ከሰው ጋር አይሳፈርም!» ተባለ። ሳጥኑ ከጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ከዶሮና ከቅቤ ጋር ታሰረ። ከወራቤ ወዲያ ጎማ ፈነዳ፤ የዚያን ቀን ፀሐይ ደግሞ ክረምቱን የተሰናበተች ፀሐይ ነበረች። ከላቦራቶሪው የመጣልኝ መልስ አጭር ነው፤ ሞቆ ደርሷል፣ ለምርመራ አይሆንም።

በሥራ ዘመኔ ከደረሱብኝ ውድቀቶች ይህን ያህል የከበደኝ የለም። የጠፋው ብልቃጥ አልነበረም የቆጨኝ፤ ጊዜው ነው። ያን መልስ ስንጠብቅ በከረምንበት ሰሞን ሳሉ ተሻግሮ ሄደ። የከምባታ ዞን ባልደረባዬ ደውሎ፣ ዶዮገና ላይ አንዲት ትልቅ እናት በሳንባ ምች ተኝተዋል፣ በዙሪያቸውም የሚያስሉ ሴቶች አሉ አለኝ። ፎንቆ ከሆሳዕና ወዲህ፣ ዶዮገና ወዲያ ነው፤ በመካከል ያለው መናኸሪያው ነው።

የመምሪያ ኃላፊያችን አቶ ወልዴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ካርታውን አዩና ፈረዱ።

«ምን እንደሆነ ካላወቅን መዝጋት ነው። የፎንቆ የመስቀል ገበያ ይዘጋ፤ የፎንቆና የዶዮገና መስመር መኪኖችም ይቁሙ ብዬ ለአስተዳደሩ ልጽፍ ነው።»

«አቶ ወልዴ፣ የመስቀል ገበያ እኮ ነው!»

«ለዚህ ነዋ! ከአዲስ አበባ፣ ከየስኳር ፋብሪካው፣ ከየትም ያለ ልጅ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው። አንተ ሌላ መንገድ ካለህ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አምጣ፤ ከሌለህ እፈርማለሁ።»

ለሌላ አገር ሰው የመስቀልን ገበያ ማስረዳት ያስቸግረኛል። በእኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው ማኅበር ገብተው የሚያጠራቅሙት ለዚያ ሳምንት ነው፤ ክርስቲያኑ ያርዳል፣ ሙስሊሙ ያመላልሳል፣ ይሸጣል፣ ጎረቤቱን «እንኳን አደረሰህ» ይላል። ያን ገበያ መዝጋት ዓመቱን መዝጋት ነው።

በሐሳብ ተውጬ ከሲስተር ኑሪያ ሻይ ቤት ገባሁ። መናኸሪያው በደመቀበት ሰዓት ነበር።

«ፎንቆ! ፎንቆ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ጠሪው።

«ከነጉንፋኑ የሞላ!» ይለዋል ተሸካሚው። ሳቁ ይነሣል።

ሸምሱ ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ፣ «ሳቁ፣ ሳቁ! መኪናዬ ስትቆም ማንን ጠርታችሁ ልትበሉ ነው?» አለና ወርዶ ከጠረጴዛዬ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እውነት ሊያቆሙኝ ነው? ከመስቀል በፊት ያለችው ሳምንት እኮ የዓመት እንጀራዬ ናት። ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፉን በጋቢ ይሸፍናል። አማቴ እንኳ በመስኮት ሆና ነው ሰላም የምትለኝ።»

«እርሷ ድሮም በመስኮት ነበረች» አሉ ሲስተር ኑሪያ ሻዬን እያቀረቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሊቅ፣ ፊትህ ከጉድጓድ እንደወጣ ቆጮ የሆነው ለምንድን ነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቁጥሩን፣ ናሙናውን፣ ዶዮገናን፣ የአቶ ወልዴን ቀጠሮ። ሳያቋርጡ ሰሙኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«እጃቸውስ?»

ዓይኔን ጨፈንሁ። ዘንጉን በአፍንጫቸው ስሰድ እጄን ይዘው የነበሩትን እናቶች አንድ በአንድ አስታወስኋቸው። እጃቸውን አይቼው ነበር፤ የሲስተር ልማድ ከእኔም ጋር አርጅቷል። ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁሮ ነበር።

«ጥቁር ነው። የእንሰት ውኃ የያዘው።»

«የሁሉም?»

«የሁሉም።»

ሲስተር ኑሪያ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው፣ ሰው እስኪዞር ድረስ ሳቁ። «የትም አልሄደችም አሉህ ባሎቹ!»

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ ላብራራ። ከመስቀል በፊት ሴቶች በደቦ ሆነው ቆጮና ቡላ ለማውጣት የእያንዳንዷን እንሰት በተራ ይፍቃሉ፤ ዛሬ የአንዷ ጓሮ፣ ነገ የሌላዋ። የመፋቂያ ጣውላቸውን ደርድረው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ በእንሰት ቅጠል ዙሪያውን ከልለው ነው የሚሠሩት። ወንድ በዚያ አያልፍም፤ ቢያልፍም ዓይኑን መሬት አድርጎ ነው፤ ስለሚሠራው ሥራም አይጠይቅም። የጎረቤት ጓሮ ደግሞ ለባል መንገድ አይደለም፤ ቤት ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ፣ ባለማወቅ ሰተት ብሎ ገብቶ፣ ተሰድቦ ተባርሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ባወቀው ነበር። እኛ ግን መላሾቹም ጠያቂውም የእንሰት አገር ጨዋ ልጆች ነበርን። አለማየት ተምረን አድገናል፤ ያን ያህል ሰው በሚሰበሰብበት ሥፍራ ዳር ቆመን አላየንም።

«ሸምሱ፣ መኪናህን አስነሣ» አሉ ሲስተር ኑሪያ ነጠላቸውን እያጣፉ።

ፎንቆ ስንደርስ የዕለቱ ፍቅያ ከሸምሱ ቤት ሦስተኛው ጓሮ ነበር። ሲስተር ዣንጥላቸውን ይዘው በቅጠሉ መከለያ ውስጥ ገቡ። እኔና ሸምሱ በእግር መንገዱ ላይ ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን፤ ሁለት የተቀጡ ተማሪዎች እንመስል ነበር። ከውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ሳቅ፤ ከሳቁ ውስጥ ሳል።

«ሊቁ!» ብለው ተጣሩ ሲስተር። «ፊትህን ሳትመልስ የታመሙትን በቅደም ተከተል ጥራልኝ!»

«መጀመሪያ ወይዘሮ ዘነበች!» ብዬ ጮህሁ።

«መጀመሪያ የተፋቀው የዘነበች እንሰት ነው! ቀጥል!»

«ወይዘሮ አበበች!»

«ሁለተኛው የአበበች ነው!»

«ስሜን በአደባባይ አትጥራ! ባሌ ያበድሁ መስሎት ይመጣል!» አለ ሌላ ድምፅ፤ ወይዘሮ አበበች፣ የደቦው አዛዥ፣ ራሳቸው ነበሩ። ሴቶቹ ሳቁ።

እንዲህ እያልን እኔ ከመንገድ በሽተኛ ስጠራ፣ እርሳቸው ከጓሮ ተራ ሲጠሩ፣ ሁለቱ ዝርዝሮች እንደ ድርና ማግ ገጠሙ። ባለተራዋ እያስተናገደች ከሁሉም ጋር ስለምትውል፣ ቀድማ የምትታመመው እርሷ ነበረች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ስብሰባ ተካፍያለሁ፤ እንደዚያ የተዋጣለት ግን አላስታውስም።

«ዶዮገና ያሉት እናትስ?» አልሁ።

«የዘነበች እናት ናቸው! ለልጃቸው ቡላ ሊጨምቁላት መጥተው፣ እዚሁ ተቀምጠው፣ ሳሉን ይዘው ተመለሱ!»

«በመጨረሻ ሸምሱ ከያዘው በኋላ ባለቤቱ ሩቂያ!»

ከዚያ የሲስተር ድምፅ መጣ። «ይህ ተሳስቷል። ሩቂያ ናት ከሸምሱ የቀደመችው። ደብቃው ነው።»

ሸምሱ ደንቡን ረስቶ ሊዞር ሲል በትከሻው ያዝሁት። «ሩቂያ! አንቺ ነሽ ለካ ያስያዝሽኝ!»

«ዝም በል! ሾርባውንስ ማን ሠራልህ?»

«እኔን እኮ ጉንፋን ጫኝ ብለው ስም አወጡልኝ!»

«ጥሩ ስም ነው፤ ያዘው!»

ሸምሱ አንገቱን ደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያች ሰዓት በኋላ በሽታው በእርሱ መኪና እንዳልመጣ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ነገረ፤ ከሚስቱ እንደያዘው ሲናገር ኩራት ነበረበት። መጀመሪያውን ሳል ለዘነበች ማን እንደሰጣት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያላወቅሁትን አልጽፍም።

ሩቂያ ለምን ደበቀች? መልሱን ወይዘሮ አበበች ነገሩን። በደቦው ደንብ አንዲት ሴት ከአንድ ጓሮ ከቀረች ተራዋ ወደ መጨረሻ ይወርዳል፤ መጨረሻው ደግሞ ከመስቀል በኋላ ነው። ቡላዋን ለገበያ ሳታደርስ ልትቀር ነው። ሩቂያ ሙስሊም ብትሆንም ተራ ተራ ነው፤ የመስቀል ቡላም የሚሸጠው በመስቀል ነው። ስለዚህ ሁሉም ሳሉን እየዋጡ ይመጡ ነበር።

«እንግዲህ ደቦው ለጊዜው ይቁም» አልሁ ከመንገዱ።

«መስቀልም ይቁም በለና!» አሉ ወይዘሮ አበበች።

ሲስተር ኑሪያ ድምፃቸውን ለሰስ አድርገው ሲናገሩ ሰማሁ። «የሳለች ሴት ቤቷ ትተኛ፤ ተራዋ ግን አይነካ። ሌሎቻችሁ ፋቁላት።»

«እትዬ፣ እንዲህ ከተባለማ ነገ ሁላችንም እንስላለን! ተኝቶ ማስፈቅ ማን ይጠላል?» አለች አንዲት ሴት።

«ስትድን በሌላዋ ጓሮ የሁለት ሰው ሥራ ትሥራ። ማሳል የሚጣፍጣት ካለች እንያት።»

ይህ ከተነገረ በኋላ ክርክሩ ረገበ። የቀረው አንድ ነገር ነበር። ሲስተር የቅጠሉ መከለያ አንድ ጎኑ እንዲከፈት፣ ጣውላዎቹም እንዲራራቁ ጠየቁ፤ ነፋስ እንዲገባ።

«ነፋስ ከገባ የወንድ ዓይንም ይገባል» አሉ ወይዘሮ አበበች። ይህን ጊዜ ማንም አልሳቀም፤ ነገሩ የምር ነበር።

ሸምሱ ነው መልሱን ያመጣው። «መንገዱን እንዝጋዋ» አለኝ በጆሮዬ። ሄዶ የቀበሌውን ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹም እስከ መስቀል ድረስ ወንድ ሁሉ በጓሮዎቹ ሥር የምታልፈውን የእግር መንገድ ትቶ በላይኛው ዳገት እንዲዞር ወሰኑ። ወሳኞቹ ዳገቱን የሚፈሩ አዛውንቶች መሆናቸውን ስመለከት፣ ለምን ያህል ነገር ሲሉ እንደወሰኑት ገባኝ። ወሬው በስልክ ለከምባታው ባልደረባዬ ሲደርሰው፣ ዶዮገናም ያንኑ አደረገች።

እንደገና የወሰድሁትን ሁለተኛ ናሙና ያደረሰው ሸምሱ ነው። ሳጥኑን ከአጠገቡ ባለው ወንበር አስቀምጦ፣ በነጠላ ሸፍኖ፣ ማንንም ሳይጭን አዲስ አበባ ገባ። «ምን ጭነሃል?» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ «ጉንፋን!» እያለ ይመልስ እንደነበር ነግሮኛል። መልሱ የሳምንቱ መጨረሻ ሳይደርስ በስልክ መጣ፤ የታወቀው የክረምት ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ዶዮገና የተኙት እናትም ከሆስፒታል በእግራቸው እየሄዱ ወጡ።

አቶ ወልዴ ብዕራቸውን እንደያዙ ሰሙኝ።

«ታዲያ የምዘጋው ምንድን ነው?»

«አንዲት የእግር መንገድ፣ ጌታዬ። እርሷም ተዘግታለች።»

ወረቀቱን ገለበጡትና በጀርባው የመስቀል በሬ መግዣ ሒሳባቸውን መሥራት ጀመሩ።

ገበያው ሳይዘጋ ዋለ። ከዚያ ዓመት የደመቀ የፎንቆ ገበያ እንዳለ አላውቅም፤ ቡላው በየቅጠሉ እንደ ጥጥ ነጥቶ ተደርድሮ፣ ሸምሱ እየጫነና እያራገፈ፣ ጠሪው «ከነጤናው የሞላ!» እያለ። የግድግዳዬ መስመርም ጅራቱን አጠፈ። ወይዘሮ አበበች በቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ልከውልኝ፣ ባለቤቴ በቅቤና በወተት አብስላ ያቀረበችውን ምግብ ሲስተር ኑሪያ ከቤታችን ተቀምጠው ሲበሉ፣ «ሊቁ፣ ዛሬ ፊትህ ቡላ መስሏል» አሉኝ። እንደ ምስክር ወረቀት ቆጠርሁት።

እንግዲህ የምስጋናው ጽሑፍ እርማት ይኸው ነው። ከስንብቱ ዕለት በኋላ ሲስተር ኑሪያን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ከሰማንያ አልፈዋል፣ ቆሎው አሁን የሚቆረጠም ሳይሆን የሚቆጠር ነው፣ ግን አሁንም ከኪሳቸው አልጠፋም። «አንተ ነህ ያጠፋኸው?» ብለው እንደገና ሳቁብኝ። ከዚያ እጄን ገልብጠው አዩና «ቀለም ብቻ!» አሉ።

በዚህ መስከረም፣ የጡረታ ሰው ጊዜ አለውና፣ በሸምሱ መኪና ተሳፍሬ ፎንቆ ሄድሁ። መኪናውን አሁን የሚነዳው ልጁ ነው። ከገበያው ወደ መንደሩ ስዘልቅ የእግር መንገዷ መግቢያ ላይ አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል ተጋድሞባት አየሁ። ማንም በሽታ አልተናገረም፣ ከመምሪያም የወጣ ትእዛዝ የለም፤ በየዓመቱ እንዲሁ ይደረጋል አሉኝ። እንደ ማንኛውም ወንድ ወደ ላይኛው ዳገት ዞርሁ። ጉልበቴ እያጉረመረመ ከጓሮዎቹ ትይዩ ስደርስ የጣውላው ድምፅ ተሰማኝ፤ ቆምሁ፣ ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም። አንዲት ሴት ስትስል ሰማሁ።

«አንቺ!» አለች ሌላዋ። «ተነሺ፣ ቤትሽ ግቢ! ተራሽ አይነካም!»

«እያጣፈጥሽ ነው የምትስይው፣ የሁለት ሰው ሥራ እንዳለብሽ አትርሺ!» አለች ሦስተኛዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሳቃቸው ሳያልቅ አንዷ ወደ ዳገቱ ቀና ብላ ኖሮ፣ «እዚያ ላይ የቆመው ማነው?» ስትል ሰማሁ።

«መንገደኛ ነኝ፣ እናቴ።»

«እንግዲያስ ይለፉ!»

አለፍሁ።